«ልጄ ትተርፋለች ወይ?» ለሚል ወላጅ ምን ይመለስለታል?

ከሕፃን ልጅ አንጎል ውስጥ ዕጢ ያወጣ ሐኪም ከኦፕራሲዮን ክፍል ሲወጣ በር ላይ የሚጠብቀው ጥያቄ አንድ ነው። ወላጅ ዕጢው ምን ያህል ነበር፣ ስንት ሰዓት ፈጀ ብሎ አይጠይቅም፤ «ልጄ ትተርፋለች ወይ?» ነው የሚለው። ለዚህ ጥያቄ በአገራችን ሁለት ዓይነት መልስ ሲሰጥ እንሰማለን። አንደኛው «እሱን የሚያውቀው ፈጣሪ ነው» የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ ቁጥር ነው፤ ይኸውም «እንዲህ ካሉ አሥር ልጆች ይህን ያህሉ ከአምስት ዓመት በኋላ በሕይወት ይገኛሉ» የሚል ነው። የመጀመሪያው መልስ እውነት ለመሆኑ የሚጠራጠር ሙስሊም የለም። ሁለተኛውም በዕውቀትና በቅን ልቦና እስከተነገረ ድረስ ሐሰት አይደለም። ለመሆኑ ሁለቱም እውነት ከሆኑ ሐኪሙ የትኛውን መናገር ይገባዋል? ወላጁስ የትኛውን የመስማት መብት አለው?

ውድ አንባብያን፣ ይህን ጥያቄ ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። የምኖረው ገላን ነው። ገላን ከአዲስ አበባ ወደ ቢሾፍቱ በሚወስደው መንገድ አቃቂን አልፎ፣ ዱከም ሳይደረስ የምትገኝ፣ በ2015 ዓ.ም ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ ጋር በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለለች የፋብሪካ ከተማ ናት። ጤፍ ይዘራበት የነበረው መሬት ዛሬ መጋዘንና ፋብሪካ ቆሞበታል፤ ነዋሪውም ከየአቅጣጫው ሥራ ፍለጋ የመጣ ነው። በሰፈራችን ከእነዚህ ፋብሪካዎች በአንዱ በፈረቃ የሚሠራ ወንድማችን የሰባት ዓመት ልጁ ጠዋት ጠዋት ራሷን እያመማት ታስመልስ ጀመር። መጀመሪያ የወስፋት መድኃኒት፣ ቀጥሎ የጨጓራ ተሰጣት። ወራት አልፈው ስትራመድ እንደ ሰከረ ሰው መንገዳገድ ስትጀምር ነው ሲቲ ስካን የታዘዘላት። ከጭንቅላቷ ኋላ፣ ሚዛን በሚጠብቀው በትንሹ አንጎል ላይ ዕጢ ተገኘ፤ ኦፕራሲዮንም ተደረገች።

የፓቶሎጂው ውጤት ሲመጣ ሐኪሙ አባትየውን አስቀምጦ ነገረው። ዕጢው ሜዱሎብላስቶማ የሚባለው ነው፤ አብዛኛው ወጥቷል፤ ወደ ሌላ ቦታ የመሰራጨት ምልክት አልታየም። «እንዲህ ካሉ ልጆች የጨረርና የኬሞ ሕክምናውን በጊዜው ጀምረው ከጨረሱ፣ ከአሥሩ ሰባት ስምንቱ ከአምስት ዓመት በኋላ በሕይወት ይኖራሉ» አለው። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ከሆስፒታሉ ወጥታ ገላን እስክትደርስ ሦስት ቦታ ተከፈለች።

የልጅቷ አጎት «ሁለት ሦስቱ ይሞታሉ ማለት ነው፤ ያለችንን ሁሉ ሸጠን ከእነሱ ብትሆንስ?» አለ። አያቷ ደግሞ «ዕጢው ወጣላት አይደል? አልሐምዱ ሊላህ፣ ሰባት ስምንቱ ከዳኑ ድናለች፤ ከእንግዲህ ልጅቷን በመኪና አታንገላቷት፤ ዱዓ ነው የሚያስፈልጋት» አሉ። ሊጠይቁ የመጡት የሰፈራችን አዛውንት ሐጂ ግን ከሁሉም በላይ ተቆጡ። «የአጀልን ቀን የሚያውቅ አላህ ብቻ ነው። ይህ ሐኪም የገይብን መዝገብ ማን ገልጦ አሳየው?» አሉ። እኔም እዚያው ፍራሽ ላይ ተቀምጬ ሳዳምጥ አንድ ነገር ታዘብኩ። ሦስቱም በቁጥሩ ሲከራከሩ «በጊዜው ጀምረው ከጨረሱ» የምትለዋን ቃል ማንም አላነሳትም ነበር።

የሐጂን ቁጣ አቅልዬ ማለፍ አልፈልግም፤ መሠረት አለውና። በሱረቱ ሉቅማን መጨረሻ ላይ እንደምናነበው ነገ የሚሆነውን፣ ነፍስ በየትኛው ምድር እንደምትሞት ማወቅ የአላህ (ሱ.ወ.) ብቻ ነው። ጠንቋይ ዘንድ ሄዶ ዕጣ ማስወጣት የተከለከለውም ከዚሁ የተነሳ ነው። ስለዚህ ሐኪሙ የሚናገረው ነገር ከጠንቋይ ንግግር የሚለይ ከሆነ ልዩነቱ ምን ላይ እንደሆነ ማሳየት ግዴታ ይሆንብናል።

ሐኪሙ ከመጀመሪያው ሕክምና በኋላ የሚመለከታቸው ነገሮች የታወቁ ናቸው። ኦፕራሲዮኑ በተደረገ በሦስት ቀን ውስጥ በኤምአርአይ የቀረ ዕጢ መኖር አለመኖሩ ይታያል፤ የቀረው ከ1.5 ስኩዌር ሴንቲ ሜትር በላይ ከሆነ ልጁ ከከባዱ ወገን ይመደባል። ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ከወገብ በመርፌ ፈሳሽ ይቀዳና ዕጢው በአንጎልና በአከርካሪ ውኃ ውስጥ ሕዋስ መዝራት አለመዝራቱ ይመረመራል። ዕድሜም ይታያል፤ ከሦስት ዓመት በታች የሆነ ሕፃን አንጎሉ ጨረር ስለማይችል ለእሱ መንገዱ ጠባብ ነው። ፓቶሎጂስቱ ደግሞ የሕዋሱን መልክ በማይክሮስኮፕ ያያል። ከእነዚህ ሁሉ በላይ፣ ሜዱሎብላስቶማ አንድ በሽታ ሳይሆን ቢያንስ አራት የተለያዩ በሽታዎች መሆኑን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጡት የጋራ ስምምነት አሳውቀዋል። ከአራቱ አንዱ፣ ደብልዩኤንቲ የሚባለው፣ በሚገባ ከታከመ ከመቶ ልጆች ከዘጠና በላይ የሚድኑበት ሲሆን፣ ግሩፕ ሦስት የተባለው ግን ብዙ ልጆችን ይወስዳል። ሁለቱም በአንድ ቦታ ይበቅላሉ፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት ራስ ምታት ያመጣሉ። በጠቅላላው ከቀላሉ ወገን የተመደቡት ልጆች ሀብታም በሆኑት አገሮች ከመቶ ሰማንያ ያህሉ አምስት ዓመት ሲያልፉ፣ ከከባዱ ወገን ያሉት ስድሳ ገደማ ናቸው።

እንግዲህ ይህ ስለ ብዙ ልጆች የተቆጠረ ቆጠራ እንጂ ስለ አንዲት ልጅ የተነገረ ቃል አይደለም። ገበሬ ደመና አይቶ «ይዘንባል» ሲል ገይብ አወቅሁ አላለም፤ የአያት የቅድመ አያቶቹን ክረምት ቆጥሮ ነው። ስቲቨን ጄይ ጉልድ የተባለ አሜሪካዊ የተፈጥሮ ሳይንስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1982 ብርቅ ካንሰር ተገኝቶበት ጽሑፎችን ሲያገላብጥ፣ ከታማሚዎቹ ግማሹ በስምንት ወር ውስጥ እንደሚሞት አነበበ። ሰውየው ግን ቁጥር የሚያውቅ ሰው ነበርና ራሱን «ግማሹ በስምንት ወር ከሞተ ሌላው ግማሽ እስከ መቼ ይኖራል?» ብሎ ጠየቀ። ሃያ ዓመት ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2002 በሌላ ካንሰር ሞተ። ስለዚህ ቁጥሩ የታማሚዎችን ብዛት በትክክል ቢነግረውም ስለ እሱ አንድ ሰው ምንም አልነገረውም ነበር። ሐጂ «ሐኪሙ የልጅቷን አጀል አያውቅም» ሲሉ ትክክል ናቸው፤ ሐኪሙም ቢጠየቅ ያንኑ ይላል። ያልተስማማሁት «ስለዚህ ዝም ይበል» በሚለው ላይ ነው።

ከኸሊፋው ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ.) ታሪክ ውስጥ ለዚህ ጉዳይ የሚቀርብ አንድ ክስተት አለ። ወደ ሻም ሲጓዙ ሰርግ ከምትባል ቦታ ሲደርሱ ከፊታቸው ወረርሽኝ መግባቱ ተነገራቸው። ተማክረው ሰዎቻቸውን ይዘው ለመመለስ ወሰኑ። የጦር አዛዡ አቡ ዑበይዳ ከአላህ ቀደር መሸሽ ነው ወይ ብለው ሲሞግቱ፣ ዑመር ከአንዱ የአላህ ቀደር ወደ ሌላው የአላህ ቀደር መሄዳቸው መሆኑን አስረዱ፤ ግመሉን ከደረቁ ሸለቆ ይልቅ ወደ ለምለሙ የሚያሰማራ እረኛንም ምሳሌ አደረጉ። እዚህ ላይ ልብ በሉ። ዑመር ማን እንደሚሞትና ማን እንደሚተርፍ አያውቁም ነበር። የደረሳቸው ወሬ ግን መንገድ እንዲመርጡ አስቻላቸው። ያንን ወሬ የያዘ ሰው «አጀልን የሚያውቅ አላህ ነው» ብሎ አፉን ቢዘጋ ኖሮ እውነት በተናገረ ነበር፤ ግን አማናውን በበላ ነበር።

እርግጥ ከቀደምት ሙስሊም ሐኪሞች ወደ ሌላው ወገን የሚያደሉም ነበሩ። በሬይና በባግዳድ ሆስፒታሎችን የመራውና ፈንጣጣን ከኩፍኝ ለይቶ የጻፈው አቡ በክር አር-ራዚ፣ ሐኪም እርግጠኛ ባይሆን እንኳ ታማሚውን በጤና ተስፋ እንዲያጽናና መክሯል፤ ሰውነት የነፍስን ሁኔታ ይከተላል የሚል እምነት ነበረውና። ምክሩ ዛሬም ዋጋ አለው። ነገር ግን ራዚ ይህን የተናገረው የታመመውን ሰው ፊት ለፊት አስቀምጦ ነው። የእኛ ጉዳይ ከዚህ ይለያል፤ የታመመችው ሕፃን ናት፤ ውሳኔው ያለው በወላጅ እጅ ነው። ለሕፃኗ ተስፋ መስጠት አንድ ነገር ሲሆን፣ ገንዘብ ለማግኘት ምን እንደሚሸጥ፣ ከሥራ ስንት ቀን እንደሚቀር፣ ሌሎቹን ልጆች ማን ዘንድ እንደሚያስቀምጥ ከሚወስነው አባት እውነቱን መሸሸግ ግን ሌላ ነገር ነው።

አሁን ማንም ወዳላነሳት ቃል ልመለስ። «በጊዜው ጀምረው ከጨረሱ።» ከኦፕራሲዮኑ በኋላ የጨረር ሕክምናው ከአራት እስከ ሰባት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ሊጀመር ይገባል፤ በዘገየ ቁጥር የቀረችው የዕጢ ዘር ታቆጠቁጣለች። ከተጀመረ ደግሞ በሳምንት አምስት ቀን፣ ለስድስት ሳምንት ያህል ሳይቋረጥ መሰጠት አለበት። ሐኪሙ የጠቀሰው «ሰባት ስምንት» የተቆጠረው ይህ ሁሉ በሚፈጸምባቸው አገሮች ነው። ታዲያ ያንን ቁጥር ገላን አምጥቶ መናገር የሚቻለው ገላን ያለችው ልጅም ያንኑ ሕክምና በያኔው ቀን የምታገኝ ከሆነ ነው።

የአገራችንን ሁኔታ እንመልከት። በኢትዮጵያ የጨረር ሕክምና የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1997 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ነው። ከዚያ በኋላ ከሃያ ዓመት በላይ ለመላው አገሪቱ፣ ከሞያሌ እስከ ሁመራ ላለው ሕዝብ ሁሉ፣ ያው አንድ ማዕከል ብቻ ነበር፤ መሣሪያው ሲበላሽ ሁሉም ይቆማል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ አዳዲስ መሣሪያዎች ገብተው ጅማን በመሳሰሉ ከተሞችም አገልግሎቱ ተጀምሯል፤ ወረፋው ግን አልጠፋም። የአንጎል ቀዶ ሐኪሞችም እንዲሁ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌዩ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ እ.ኤ.አ. በ2006 ማሠልጠን ከጀመረ ወዲህ ነው ቁጥራቸው ማደግ የጀመረው። ዓለም አቀፉ የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ስለ ሕፃናት ካንሰር ባወጣው ዕቅድ በሀብታም አገሮች በካንሰር ከሚያዙ ሕፃናት ከመቶ ከሰማንያ በላይ ሲድኑ፣ በብዙ ድሃ አገሮች የሚድኑት ከሠላሳ በታች መሆናቸውን ገልጾ፣ እ.ኤ.አ. በ2030 በዓለም ዙሪያ ቢያንስ ስድሳ እንዲደርስ ግብ አስቀምጧል። በሰማንያና በሠላሳ መካከል ያለው ሃምሳ ልጅ በዕጢው ዓይነት የተለየ አይደለም። ዘግይቶ መታወቅ፣ ወረፋ፣ የመድኃኒት እጥረት፣ ሕክምናን አቋርጦ ወደ ቤት መመለስ ነው የለያቸው።

ከዚህ የሚከተለውን ነገር ብዙዎቻችን አናስተውለውም። ሐኪሙ ስለ ልጅቷ ሲተነብይ ስለ ዕጢው ብቻ አይደለም የሚተነብየው፤ ስለ እኛም ነው። ከአሥሩ ልጆች የስንቱ አባት ለስድስት ሳምንት ከፈረቃው መቅረት ይችላል? ስንቱ ለታክሲ አጥቶ በሦስተኛው ሳምንት ያቋርጣል? ከገላን እስከ ጥቁር አንበሳ ያለው መንገድ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ ከባሌ ወይም ከጅግጅጋ ከሚመጣ ሰው አንፃር ሲታይ እንደ ጎረቤት ነን። ሆኖም ኬሞ ያቅለሸለሻትን ልጅ ይዞ በቃሊቲ የመኪና ግርግር ውስጥ በየቀኑ ደርሶ መልስ ሠላሳ ጊዜ ያህል መመላለስን የሞከረ ሰው ጎረቤትነቱን ይረሳዋል። ሐኪሙ «ፈጣሪ ያውቃል» ብሎ ብቻ ሲያልፍ ከአባትየው የሚወስድበት ይህንን ክፍል ነው፤ በእጁ ያለውንና ሊለውጠው የሚችለውን ክፍል። አያት ልጅቷን ቤት ላስቀምጥ ያሉት ቁጥሩን ስለሰሙ አይደለም፤ ሁኔታውን ስላልሰሙ ነው። አጎትም እንዲሁ።

ስለዚህ እኔ ይነገር ከሚሉት ወገን ነኝ። ግን አነጋገሩ ላይ የምለው አለኝ። በእኛ አገር ሐኪም አባትና አጎትን ወደ ቢሮው ያስገባል፤ እናት ልጇን ታቅፋ ኮሪደር ላይ ትቀራለች። መድኃኒቱን በሰዓቱ የምትሰጠው እሷ ናት፤ ትኩሳቱን ሌሊት በእጇ የምትለካው፣ ቀጠሮ የምታስታውሰው እሷ ናት። የሰማችው ግን ባሏ ጨክኖ ሊነግራት የቻለውን ያህል ብቻ ነው። ለእናት ማዘን መስሎን የምናደርገው ይህ ነገር ብዙ ጊዜ ልጅ ያስከፍላል።

ለምሳሌ አንድ ነገር ላንሳ። ዕጢው ከትንሹ አንጎል ከወጣላቸው የሜዱሎብላስቶማ ልጆች ከአራቱ አንዱ ያህል ከኦፕራሲዮኑ አንድ ሁለት ቀን በኋላ ድንገት መናገር ያቆማል። ደህና ነቅቶ፣ «እማዬ ውኃ» ብሎ የነበረ ልጅ ድምፁ ይጠፋል፤ ያለቅሳል፣ ይነጫነጫል፣ ቃል ግን አይወጣውም። ይህ ከቀዶ ሕክምናው የሚመጣ የታወቀ ነገር ነው፤ በሳምንታት ወይም በወራት ንግግሩ ይመለሳል፤ አንዳንዱ ላይ መንተባተቡ ይቀራል። ሐኪሞች ይህን አስቀድመው ያውቃሉ። አስቀድሞ ያልተነገራት እናት ግን ምን ትበል? በሰፈራችን የሚባለውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ «ሆስፒታል ውስጥ ጅን ለከፋት» ነው። ከዚያም ልጅቷ ከአልጋ ተነሥታ ወደ ቀሪ ዘንድ ትወሰዳለች፤ የጨረሩ ቀን ያልፋል። ሩቅያ የተፈቀደ ነው፤ ቁርኣን አልጋዋ አጠገብ ሊቀራላት ይችላል። ከሕክምናዋ ግን ማን አስነሣት? ሦስት ደቂቃ የሚፈጅ ትንበያ ለእናትየው ቢነገራት ኖሮ ልጅቷ ከአልጋዋ ባልተነሳች ነበር። በዚህ ላይ «ገይብ ተናገረ» የሚል ካለ ከእሱ ጋር መከራከሩ ራሱ ጊዜ ማባከን ነው።

መትረፍ ሲባልም አንድ ዓይነት አይደለም። የአንጎል ጨረር የወሰደ ልጅ ከበሽታው ቢድን እንኳ በትምህርት ሊዘገይ፣ ቁመቱ ሊያጥር፣ መስማት ሊደክም ይችላል። «ትተርፋለች» ብቻ የተባለ አባት ከአራት ዓመት በኋላ ልጁ ክፍል ስትደግም «ሰነፍ» ብሎ ይገርፋታል። ይህም ሊነገረው የሚገባ ነበር፤ ግን በመጀመሪያው ቀን መነገር የለበትም። ሰው በአንድ ቀን የሚሸከመው መጠን አለው። ደግ ሐኪም መድኃኒትን በመጠን እንደሚሰጥ ወሬንም በመጠን ይሰጣል።

እስከዚህ ድረስ ስለ መናገር ነው የተከራከርኩት። ከዚህ የሚከብደኝ ግን ሌላ ነው።

ትንበያ እየረቀቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 በሜምፊስ ከተማ የሚገኘው የሴንት ጁድ የሕፃናት ሆስፒታል ተመራማሪዎች ከወገብ በሚቀዳው ፈሳሽ ውስጥ የዕጢውን የዘር ቅንጣት በመፈለግ፣ በአንዳንድ ልጆች ላይ በሽታው ማገርሸቱ በኤምአርአይ ከመታየቱ ወራት ቀደም ብሎ ማወቅ እንደሚቻል አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ የቦስተን ተመራማሪዎች ግላዮማ በሚባለው ሌላ የአንጎል ዕጢ ከታከሙ 715 ሕፃናት የተነሡ ወደ 4,000 የሚጠጉ የኤምአርአይ ምስሎችን ለኮምፒውተር አስተማሩት። ኮምፒውተሩ አንድ ምስል ብቻ ሲሰጠው ማገርሸቱን መገመቱ ሳንቲም ወርውሮ ከመገመት ብዙም አይሻልም ነበር። የአንዱን ልጅ ምስሎች በጊዜ ቅደም ተከተል ከሕክምናው በኋላ አራት፣ አምስት፣ ስድስት ጊዜ ሲያይ ግን ከ75 እስከ 89 በመቶ ልክ ሆነ። ማሻ አላህ፣ ትልቅ ዕውቀት ነው። ዓላማውም መልካም ነው፤ የማያገረሽበትን ልጅ ከተደጋጋሚ ምርመራ ለማሳረፍ፣ የሚያገረሽበትን ቀድሞ ለመድረስ።

ገላን ሆኜ ሳስበው ግን ሁለት ነገር ይታየኛል። አንደኛ፣ ይህ ኮምፒውተር የሚሠራው አባትየው ልጁን ስድስት ጊዜ ለኤምአርአይ ማቅረብ ከቻለ ነው፤ ኤምአርአይ ደግሞ ብዙ ጊዜ በግል የምርመራ ማዕከል፣ በጥሬ ገንዘብ የሚነሣ ነው። የጠፋው ልጅ ምስል ስለሌለው ትንበያም የለውም። ሁለተኛው የባሰ ነው። ወረፋ ባለበት አገር ትንበያ ተራ ማስያዣ ይሆናል። አንድ የጨረር መሣሪያና ሁለት ልጆች ቢኖሩ፣ ቁጥሩ «ይህኛው ይድናል፣ ያኛው አይድንም» ካለ ማን ይቅደም? ወደ ሚድነው ማድላት ግፍ አይመስልም፤ በጦር ሜዳም ቁስለኛ እንዲሁ ይለያል። ነገር ግን «አይድንም» የተባለው ልጅ ተራው ወደ ኋላ ተገፍቶ፣ ዘግይቶ ታክሞ ወይም ሳይታከም ሲሞት፣ መዝገብ ላይ «እንደተተነበየው ሞተ» ተብሎ ይጻፋል። ቀጥሎ ለሚመጣው ተመሳሳይ ልጅ ቁጥሩ ከቀድሞው የባሰ ይሆናል። ልጁን የገደለው ዕጢው ይሁን ትንበያው ከዚያ ወዲያ የሚለይ ሰው አይገኝም። ሐጂ የፈሩት ሐኪም በአላህ ቦታ እንዳይቆም ነበር፤ እኔ የምፈራው ግን «ሰባት ስምንት» ያለውን ቅን ሐኪም አይደለም፤ ቁጥሩን ለማንም ሳይነግር፣ ዝም ብሎ ካርዱን ከሌሎች ካርዶች ሥር የሚያስገባውን እጅ ነው። የተነገረ ትንበያ ቢያንስ ወላጅ ሊሞግተው ይችላል። ስለዚህ ልጅ ወረፋው የተላለፈበት በትንበያ ከሆነ ምክንያቱ ለወላጁ በግልጽ ሊነገረው፣ ውሳኔውም ከአንድ ሰው በላይ ሆኖ በጽሑፍ ሊሰጥ ይገባል ባይ ነኝ። አንድ ነፍስ ያዳነ የሰውን ዘር ሁሉ እንዳዳነ በምናምንበት ሃይማኖት፣ ትንሽ ተስፋ ያለው ልጅ ነፍሱ ትንሽ ነው አይባልም።

ይህ የሐኪሞቹ ድርሻ ነው፤ የእኛም ድርሻ አለ። ሕፃን ልጃቸው ማቲዎስ በደም ካንሰር የሞተባቸው ወላጆች በስሙ የማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን አቋቁመዋል፤ ካንሰር የያዛቸው ልጆች ወላጆችም ተስፋ አዲስ የተባለ ድርጅት መሥርተው ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ልጆችና አስታማሚዎች ማረፊያ ያዘጋጃሉ። ማንም ሳያዛቸው ከቁጥሩ ውስጥ «በጊዜው ጀምረው ከጨረሱ» የምትለዋን ክፍል ተሸክመዋል። ሙስሊሙን ከክርስቲያኑ ሳይለዩ ነው።

የሰፈራችን ዕድር ሙስሊምም ክርስቲያንም ያለበት ነው። ሰው ሲሞት ድንኳኑ በሁለት ሰዓት ውስጥ ይተከላል፤ ገንዘቡ በዚያው ቀን ይወጣል፤ ለጀናዛም ሆነ ለቀብር የቀረ ሰው ይቀጣል። ልጅቷ ጨረር የምትጀምርበት ቀን ሲታወቅ ለዕድሩ ዳኛ አንድ ሐሳብ አቀረብኩ። ለስድስት ሳምንት የሚሆን የትራንስፖርት ወጪ ከዕድሩ ሣጥን ቢሸፈንላት ምን ይመስልዎታል ብዬ ጠየቅኋቸው። ዳኛው ደግ ሰው ናቸው፤ መተዳደሪያ ደንቡን አውጥተው መነጽራቸውን አድርገው ገጽ በገጽ አነበቡልኝ። ደንቡ ገንዘብ የሚፈቅደው አባል ወይም የአባል ቤተሰብ ሲሞት ነው። «ከመሞቱ በፊት የሚል አንቀጽ የለንም» አሉኝ። ለጊዜው ከኪሳቸው ሦስት መቶ ብር ሰጡኝ፤ ሐጂም ከዙህር ሶላት በኋላ ጀመዓውን አስቁመው አዋጡላት፤ ሁለቱ ተደምረው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ይሸፍናሉ። የደንቡ ማሻሻያ ለሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ በአጀንዳ ተይዟል፤ ስብሰባው ጨረሩ ከተጀመረ በአራተኛው ሳምንት እሑድ ነው።